አሜባ ያልሆነው ደም

በአገራችን ከሰገራው ጋር ደም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አሜባን ነው። ጤና ጣቢያ ሲሄድም ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይኸው ነው። ጥርጣሬው መሠረት አለው። ንጹሕ ውሃ በማይዳረስበት፣ መጸዳጃ ቤት በተጓደለበት አካባቢ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ የተሕዋስያን ሥራ ነው፤ አሜባ ካልሆነ ሺጌላ፣ እሱም ካልሆነ ቢልሃርዚያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰጠውን ሕክምና ለመንቀፍ የሚነሳ ሰው አይኖርም። የሚያሳስበው አምስተኛው ሳምንት ነው። መድኃኒቱን ጨርሶ ደሙ ያልቆመለት፣ ወይም ቆሞለት ከወር በኋላ ያገረሸበት ሰው ያንኑ ሜትሮኒዳዞል እንደገና ይጀምራል፤ ከዚያ ሌላ ዙር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ወራት ያልፋሉ፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ፊቱ ይገረጣል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የአንዳንዶቹ በሽታ ተሕዋስ የሚባል ነገር የለበትም። ሐኪሞች አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ይሉታል፤ የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው፤ የገዛ ራሱ የሰውነት መከላከያ የአንጀቱን ግድግዳ እየተዋጋ የሚያቆስልበት፣ እየበረደና እያገረሸ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሕመም።

ይህ ሕመም ከትልልቅ ሆስፒታሎች ርቆ ሲገኝ ምን እንደሚሆን ለማየት ቶንጎን እንውሰድ። ቶንጎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአሶሳ በስተደቡብ፣ ከወለጋዋ ቤጊ ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። የዚህ በሽታ ምርመራ የሚረጋገጠው ኮሎኖስኮፒ በሚባል፣ በፊንጢጣ ገብቶ የአንጀትን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውን የሚይዙት የጨጓራና የአንጀት ስፔሻሊስቶች ደግሞ በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች። ከአሶሳ አዲስ አበባ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ርቀት ያየ ሰው የበሽታው ጉዳይ ሙሉ በሙሉ በአዲስ አበባ ሐኪሞች እጅ ያለ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ተቃራኒውን እከራከራለሁ። የቶንጎን ታማሚ ዕጣ የሚወስነው ትልቁ ውሳኔ የሚደረገው እዚያው ቶንጎ፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ነው። ውሳኔውም «ከዚህ በኋላ አሜባ ነው ብለን አንቀጥልም» የሚል ነው። ይህ ውሳኔ በጊዜው ካልመጣ አዲስ አበባ ያለው መሣሪያ ሁሉ ለታማሚው አይደርስለትም፤ ቢደርስም ዘግይቶ ነው።

በሽታው ምን እንደሆነ ጠጋ ብለን እንየው። ቁስለቱ የሚጀምረው ከታች፣ ከፊንጢጣ በላይ ካለው የአንጀት ጫፍ ነው፤ ከዚያ ሳይቆራረጥ ወደ ላይ ይወጣል። በአንዳንዱ ሰው እዚያው ታች ይቀራል፣ በሌላው ግራውን የአንጀት ክፍል ይይዛል፣ በሌላው ደግሞ ትልቁን አንጀት ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል። የሚያቆስለውም የውስጠኛውን ስስ ሽፋን ነው። ጤነኛ ሽፋን ሐመር ሮዝ መልክ አለው፣ ያብረቀርቃል፣ የደም ሥሮቹ እንደ ቅርንጫፍ ተዘርግተው ይታያሉ። በታመመው አንጀት ውስጥ ግን እነዚያ የደም ሥሮች አይለዩም፤ ሽፋኑ ቀልቶ፣ ሻክሮ፣ መሣሪያው ገና ሲነካው ይደማል፤ ሲብስበትም መግልና ቁስል ይታይበታል። ታማሚው ይህን ሁሉ የሚያውቀው በምልክቱ ነው። ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ አለው፤ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ቁርጠት አለው። ሽንት ቤት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ እንኳ አልወጣልኝም የሚያሰኝ ማማጥ፣ ሲመጣ ደግሞ ደቂቃ የማይሰጥ ጥድፊያ ይከተለዋል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በ15 እና በ30 ዓመት መካከል ባለው ዕድሜ ነው፤ ተማሪውን ከክፍል፣ ገበሬውን ከእርሻው፣ እናትን ከልጆቿ ነጥሎ ሽንት ቤት አጠገብ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ስለሚያሳፍር ብዙው ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ከሕመሙ እኩል ይጎዳል።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ፤ የክርክሬ እምብርት ያለው እዚያ ነው። የጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ እንዲህ ይሠራል። ከናሙናው ትንሽ በስንጥር ይወሰዳል፣ ብርጭቆ ላይ በጨዋማ ውሃ ጠብታ ይቀላቀላል፣ በስስ መሸፈኛ ይከደንና በማይክሮስኮፕ ይታያል። በሽታ የሚያመጣው ሕያው አሜባ እየተንፏቀቀ፣ ሆዱ ውስጥ የዋጠውን ቀይ የደም ሕዋስ ይዞ ከታየ ምርመራው ጠንካራ ነው። ይህ ግን የሚሆነው ናሙናው ትኩስ ሲሆን ነው፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈው አሜባው እንቅስቃሴውን ያጣል። ከቤት በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ረጅም መንገድ በእግር ተጉዞ የመጣ ናሙና ይህን አያሳይም። ብዙ ጊዜ የሚታየው የአሜባው እንቁላል መሰል ክብ ቅርጽ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አይለይም። ለምን ቢባል፣ ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ የተባለው ጎጂ አሜባ ኢንታሚባ ዲስፓር የተባለ መንትያ አለው። ሁለቱ በማይክሮስኮፕ አንድ ናቸው፤ ዲስፓር ግን አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ማንንም አይጎዳም። ሳይንቲስቶች ሁለቱን በይፋ የለዩት እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን በ1997 የዓለም ጤና ድርጅት የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ ልዩነቱን ተቀብሎ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የታየን አሜባ ጎጂው ነው ብሎ መደምደም እንደማይገባ አሳስቧል። ስለዚህ «አሜባ ታይቷል» የሚል ወረቀት የያዘ ታማሚ በእርግጥ አሜባ ያመመው ላይሆን ይችላል። ምንም ጉዳት የማያደርስ መንትያ ተሸክሞ፣ የሚያደማው ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ የላቦራቶሪ ባለሙያው ስንፍና አይደለም፤ የመሣሪያው ወሰን ነው። መድኃኒት የወሰደ ሰው ደሙ ካልቆመ ያ ወረቀት መልስ መሆኑ ያበቃል።

ታዲያ ደሙ ያልቆመ ሁሉ ኮላይቲስ ነው ተብሎ ፕሬድኒሶሎን ይጻፍለት? አይደለም፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው የከፋ ስሕተት ነው። ፕሬድኒሶሎን የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ የሰውነትን መከላከያ አብርዶ የአንጀቱን ቁስለት ያሽራል። ሕመሙ በእርግጥ አሜባ ከሆነ ግን ያው መከላከያ ሲበርድ አሜባው ልጓም ያጣል፤ አንጀቱን በስቶ ታማሚውን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትልም ስቴሮይድ በሚወስድ ሰው ላይ ተባዝቶ ወደ ሳንባና ወደ ደም ይዘምታል፤ ትሉን የሚገድለው አይቨርሜክቲን ደግሞ በክልሉ ለኦንኮሰርካሲስ (ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት) በዘመቻ የሚታደል መድኃኒት ስለሆነ ለቶንጎ ሰው እንግዳ አይደለም። የአንጀት ቲቢም አለ። ኢትዮጵያ ቲቢ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ቲቢ ደግሞ አንጀትን ሲይዝ ይህንኑ በሽታ መስሎ ይቀርባል። የኤችአይቪ ታማሚም በሌላ ቫይረስ ምክንያት አንጀቱ ሊቆስል ይችላል። ስለዚህ ትዕግሥትና ጥንቃቄ አብረው መሄድ አለባቸው፤ ተሕዋሱን በአግባቡ አክሞ፣ ካልሆነ ደግሞ በፍጥነት ማሳለፍ። የምለውን በቁጥር ላስቀምጠው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከ4 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም በትክክል ከተወሰደ አንድ ዙር ሕክምና በኋላ ካልቆመ ወይም ከተመለሰ፣ ሌላ ዙር መድኃኒት ሳይሆን ሪፈር ወረቀት ነው መጻፍ ያለበት።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ከባድም ነው። «ይህ የአውሮፓና የአሜሪካ በሽታ ነው፤ ወባ፣ ቲቢና የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ባለበት ወረዳ ስለ ኮላይቲስ ማውራት ቅንጦት ነው» ይባላል። በሽታው በእኛ ዘንድ ከአውሮፓ ይልቅ አነስ ብሎ መታየቱ እውነት ነው። ነገር ግን አነስ ብሎ መታየትና አለመኖር አንድ አይደሉም፤ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ማንም ሊያየው አይችልም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሰጠን የራሳችን ወገኖች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በአንድ ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። የእስራኤል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ኮላይቲስንና እኅቱን የክሮንስ በሽታን በእነዚህ ኢትዮጵያውያን ላይ ብቅ እያለ ያለ በሽታ ብለው ገልጸውታል፤ በሽታው የታየውም እዚያ ከኖሩ ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ በደማችን ውስጥ ከዚህ በሽታ የሚያስጥለን ነገር የለም። ሁለተኛው፣ የኑሮ ለውጥ ሚና አለው፤ ምግቡ፣ ከተሜነቱ፣ በልጅነት የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ተጠርጥረዋል። አሶሳም ሆነ ቶንጎ ባሉበት አልቆሙም፤ የታሸገ ምግብ ገብቷል፣ አንቲባዮቲክ በየሱቁ ይሸጣል። በሌሎች አገሮች ከተሞች ሲያድጉ ይህ በሽታ አብሮ ማደጉ ታይቷል፤ እኛ ዘንድ የተለየ ይሆናል የምንልበት ምክንያት አላገኘሁም። ሌላም አለ። የ4 ሳምንቱ ደንብ ኮላይቲስን ብቻ የሚፈልግ አይደለም። በዚያው ወንፊት የአንጀት ቲቢ፣ ቢልሃርዚያ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰርም ይያዛሉ። ደንቡን ቅንጦት የሚለው ሰው እነዚህንም ሳያውቅ እያለፋቸው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተግባር ነው። «ጤና ጣቢያው ኮሎኖስኮፒ የለውም፤ ምን ያድርግ?» የሚል። ብዙ ያደርጋል። የዚህን በሽታ ክብደት ለመለካት እስከ ዛሬ በዓለም ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚሠራበት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲድኒ ትሩሎቭና ሌስሊ ዊትስ የተባሉ የኦክስፎርድ ሐኪሞች ያወጡት ነው፤ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎችም ሰዓት፣ ቴርሞሜትርና የደም ምርመራ ናቸው። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ሰገራ የሚወጣው ሰው የልብ ምቱ በደቂቃ ከ90 ካለፈ፣ ወይም ትኩሳቱ ከ37.8 ዲግሪ ከበለጠ፣ ወይም ሄሞግሎቢኑ ከ10.5 ካነሰ፣ ወይም ኢኤስአር የሚባለው የደም ምርመራ ከ30 ከበለጠ፣ ሕመሙ ጽኑ ነው፤ ያን ቀን ሆስፒታል መግባት አለበት። ይህን የቶንጎ ጤና መኮንን መቁጠር ይችላል። ወባ በበዛበት አካባቢ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ትኩሳትና የደም ማነስ ሲታይ ሁሉም ነገር በወባ ይሳበባል፤ የወባ ምርመራው ነጻ ከሆነና ሰውየው ደም የሚያስቀምጠው ከሆነ ያ ትኩሳት ከአንጀቱ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። ደግሞም በሽታው ከፊንጢጣ ስለሚጀምር የመጀመሪያው ፍንጭ ሙሉውን ኮሎኖስኮፒ አይጠብቅም፤ የታችኛውን አንጀት በሚያሳይ አጭር መሣሪያ፣ በቀዶ ሐኪም እጅ፣ ሽፋኑ መቁሰሉን ማየትና ለምርመራ ቅንጣት ሥጋ መውሰድ ይቻላል። አዲስ አበባ የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

ሕክምናው የሚያስፈራውን ያህል ሩቅ አይደለም። ዋናው መድኃኒት ሰልፋሳላዚን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ናና ስቫርትስ የተባለች ስዊድናዊት ሐኪም ከአንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ጋር ያዘጋጀችው ነው፤ መጀመሪያ ለመገጣጠሚያ ሕመም የታሰበ ሲሆን አንጀታቸው የቆሰለ ታማሚዎችም ተሻላቸው። ዛሬ ከነባሮቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም ውስጥ ይገኛል። ሕመሙ ሲበረታ ስቴሮይድ ይጨመርበታል። ትሩሎቭና ዊትስ እ.ኤ.አ. በ1955 በ210 ታማሚዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ኮርቲዞን ከወሰዱት 41 በመቶ ያህሉ ሲድኑ፣ ካልወሰዱት የዳኑት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስቴሮይድ ግን የተነሳውን ሕመም ማጥፊያ እንጂ የዘወትር መድኃኒት አይደለም። በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ይቆማል፤ ለዓመታት ከተወሰደ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ ዓይን ያደበዝዛል። በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚዘነጋ ታማሚው ሊዝለፈለፍ ይችላል። በእነዚህ ያልተመለሰ ሕመም አዛታዮፕሪን ይሰጠዋል፤ እሱ ለመሥራት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚቀንስም በየጊዜው የደም ቆጠራ ያስፈልገዋል። በመርፌ የሚሰጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ብርቱ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው ሰው የሚቀመስ አይደለም፤ ከመጀመራቸው በፊትም ቲቢና የጉበት ቫይረስ ቢ መኖር አለመኖሩ መመርመር አለበት፤ አለበለዚያ ተኝቶ የነበረው በሽታ ይቀሰቀሳል። ሰልፋሳላዚንን በሚመለከት ቆላው ላይ የሚነሳ ጥንቃቄም አለ። ወባ ለዘመናት በኖረባቸው አካባቢዎች ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ይበዛሉ፤ እነዚህ ሰዎች ሰልፋሳላዚን ሲወስዱ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል። መድኃኒቱን ጀምሮ ሽንቱ የጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት ይገባዋል። ፎሊክ አሲድ አብሮ መወሰዱም የግድ ነው።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው ታማሚው ከዳነ በኋላ ነው። ደሙ ቆሟል፣ ቁርጠቱ ጠፍቷል፣ ክብደቱ ተመልሷል፤ ኪኒኑ ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። «ድኛለሁ፣ ለምን እወስዳለሁ?» ማለቱ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ብዙው በሽታችን ወባን እንደመሰለ ታክሞ የሚያልቅ ስለሆነ ሌላ ዓይነት ሕክምና አልለመድንም። ማስረጃው ግን ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝ በታተመ ጥናት፣ ከዳኑ በኋላ ሰልፋሳላዚን ከቀጠሉት ታማሚዎች ወደ 70 በመቶ ያህሉ ዓመቱን ሳያገረሽባቸው ጨርሰዋል፤ መድኃኒት የሌለው ኪኒን ከወሰዱት መካከል ግን ለዚህ የበቁት ከሦስት አንድ እንኳ አልሞሉም። ቀጣይ መድኃኒት ማለት ይህ ነው። ለዚህ ደግሞ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። ምርመራው አንዴ ከተረጋገጠ፣ ስፔሻሊስቱ በግልጽ ከጻፈ፣ መድኃኒቱ በአሶሳ ሆስፒታል በኩል ተጠይቆ ሊመጣ፣ ክትትሉም በጤና ጣቢያ ሊካሄድ ይችላል፤ የደም ግፊትና የስኳር ታማሚዎች እንደሚከታተሉት ማለት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል መሆን ከመንግሥት ተቋም የሚገኘውን አገልግሎት ያቀለዋል፤ መድኃኒቱ በተቋሙ ፋርማሲ ከሌለ ግን ሰውየው ወደ ግል ፋርማሲ ይገፋል፤ የሚቋረጠውም እዚያ ላይ ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ ለእንዲህ ያሉ ጥቂት ታማሚዎች የሚሆን ጥቂት መድኃኒት በዓመት ዕቅዱ ቢያስገባ ወጪው ከአንድ የአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ጣጣ ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም።

ምግብን በተመለከተ ሰው የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ መልሱ ግን አጭር ነው። ይህን በሽታ የሚያድን ምግብ አልተገኘም፤ በርበሬም ሆነ ቡና አላመጣውም። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን ቃጫ የበዛበት ነገር፣ ጥሬ ጎመንም ሆነ አሶሳ የምትታወቅበት ማንጎ ሲበዛ፣ ሆድ ሊያስጨንቅ ስለሚችል ቀለል ያለ ገንፎና ሾርባ ይሻላል፤ ሲበርድ ወደ ተለመደው ምግብ መመለስ ነው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ለቆሰለ አንጀት መድኃኒት አይደሉም፤ ኮሶማ የባሰ ያስቀምጣል። በአካባቢው ለብዙዎች ወሳኝ የሆነው የረመዳን ጾም ጥያቄም አለ፤ ሕመሙ የተነሳበት ሰው በቀን ብዙ ጊዜ እየተቀመጠ ውሃ አለመጠጣቱ አደገኛ ነው፤ እስልምና ራሱ የታመመን ሰው ከጾም ያሳርፋል። የበረደለት ሰው ደግሞ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ማስተካከል ይችላል። ለማርገዝ የምታስብ ሴት በሽታው በረድ ባለበት ጊዜ ብታረግዝ ይመረጣል፤ ሰልፋሳላዚን በእርግዝና ጊዜ ፎሊክ አሲድ ጨምሮ ይቀጥላል፤ በፍርሃት መድኃኒት አቋርጣ ሕመሙ ቢነሳባት ጽንሱን የሚጎዳው ያ ነው። ባሏ የሚወስደው ከሆነ ደግሞ ዘሩ ለጊዜው ሊቀንስ እንደሚችል፣ ሲቆምም እንደሚመለስ ሊያውቁ ይገባል፤ ይህን ባለማወቅ ስንት ትዳር ይጨነቃል።

የበሽታው መዘዞች ከአንጀት ውጭም ይሄዳሉ። መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ዓይን ይቀላል፣ እግር ላይ የሚያም ቀይ እብጠት ይወጣል፤ ከ100 ታማሚዎች በ5 ያህሉ የሐሞት ቱቦዎች እየጠበቡ ጉበት ይጎዳል። በእግር የደም ሥር ውስጥ የደም መርጋትም ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል፤ በተለይ ተኝቶ በሚታከምበት ጊዜ። እዚህ ላይ አንድ የፋርማሲ ጉዳይ ሳልጠቅስ አላልፍም። ጉልበቱን ያመመው ሰው ገዝቶ የሚውጠው ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ነው፤ እነዚህ ግን የበረደውን አንጀት ሊቀሰቅሱት ይችላሉ፤ ለእሱ ፓራሲታሞል ይሻለዋል። ተቅማጥ ለማቆም የሚሰጠው ሎፐራማይድም በጽኑ ሕመም ጊዜ መርዝ ነው፤ የታመመውን አንጀት እንቅስቃሴ አቁሞ እንዲነፋ ያደርገዋል። ያ መነፋት ከመዘዞቹ ሁሉ የከፋው ነው። ሆድ ይወጠራል፣ ተቅማጡ የተሻለ መስሎ ይቀንሳል፣ ታማሚው ግን ይቃዣል፣ ልቡ ይመታል። በተራ የሆድ ራጅ ላይ የአንጀቱ ስፋት ከ6 ሴንቲ ሜትር ካለፈ አንጀቱ ሊፈነዳ ነው፤ ይህን ለማየት ያው ተራ የራጅ መሣሪያ ይበቃል። ጽኑ ሕመም ኖሮት በደም ሥር ስቴሮይድ የተጀመረለት ሰውም እስከ ሦስተኛው ቀን ይጠበቃል እንጂ አሥር ቀን አይጠበቅም፤ በኦክስፎርድ እንደታየው በሦስተኛው ቀን አሁንም ከ8 ጊዜ በላይ የሚያስቀምጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ቀዶ ሕክምናው ትልቁን አንጀት ማውጣት ነው። ይህን ሲሰማ የማይደነግጥ የለም፤ ሰገራ በሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋልና። ከረጢቱን በየጊዜው ማግኘት ለገጠር ሰው ከባድ ነው፤ ኅብረተሰቡም እንደ ጉድ ያየዋል። በዚህ ላይ ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን አማራጩ ሞት በሆነበት ሰዓት ይህ ሕይወት ነው፤ የአንጀቱ በሽታም ከአንጀቱ ጋር ይወጣል። ትልቁ አንጀት የሌለው ሰው ያርሳል፣ ይወልዳል፣ ይሰግዳል። ይህን ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢሰማው በውሳኔው ቀን «እናውጣውና በቤቱ ይሙት» የሚለው ንግግር ይቀንስ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሰላም ጉዳይ ነው። ሰው በሚፈናቀልበት ቦታ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሕክምና እንዴት ይዘለቃል? ጥያቄው ከቶንጎ አፈር የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሱዳን ብሉ ናይል ለሸሹ ሰዎች የተከፈተውን የቶንጎ የስደተኞች ካምፕ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በተነሳው ግጭት ነዋሪዎቹ ጥለውት ወደ አሶሳ አቅጣጫ ሸሽተዋል፤ የአካባቢው ሰውም ሰላም አላገኘም። እንዲህ ባለው ቀን ካርድ ክፍል ውስጥ ያለው መረጃ ከባለቤቱ ጋር አይሸሽም። ስለዚህ የምመክረው ቀላል ነው፤ ወረቀቱ ከታማሚው ጋር ይኑር። የኮሎኖስኮፒው ውጤት ፎቶ በስልኩ ላይ፣ ቅጂው በላስቲክ ታሽጎ ከመታወቂያው ጋር ይቀመጥ። በዚያ ላይ የበሽታው ስም፣ አንጀቱን የት ድረስ እንደያዘ፣ የሚወስደው መድኃኒትና መጠኑ፣ የማይስማማውም መድኃኒት ይጻፍ። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው በየትኛውም ጤና ጣቢያ ቢደርስ ከአሜባ አይጀምርም። ከእነዚህ ሁሉ ጋር አንድ ዓመተ ምሕረት መጻፍ አለበት፤ ደሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት። ሰፋ ያለ ኮላይቲስ ያለበት ሰው ከዚያ ቀን 8 ዓመት ሲሞላው፣ ምንም ባያመው እንኳ፣ የአንጀት ካንሰር መጀመሩን ለማየት ኮሎኖስኮፒ ሊደረግለት፣ ከዚያም በየጥቂት ዓመቱ ሊደገም ይገባል፤ የሐሞት ቱቦው የተያዘበት ከሆነ ደግሞ ምርመራው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ።